የማይረጋጉት አይጦች

የሳስኪያ ወንድም ብራም አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእናቱ በዘር የወረሰው የአእምሮ እድገት ችግር አለበት። አውቶቡስ አምስት ደቂቃ ከዘገየ እጁን ይነክሳል፤ ለመረጋጋት ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ሳስኪያ አንትወርፕ ከተማ ውስጥ ቤተ ሙከራ የገባችው ለእሱ ብላ ነው። የብራም ዓይነት ጉድለት ያለባቸውን አይጦች ከጤነኞቹ ጋር ታነጻጽራለች። እያንዳንዷን አይጥ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ታቆያለች፤ በፊትም በኋላም ከጭራዋ ጠብታ ደም ወስዳ የድንጋጤውን ሆርሞን ትለካለች። በሐምሌ ውጤቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ ሁሉም ይደነግጣሉ፣ ጤነኞቹ ቶሎ ይረጋጋሉ፣ የብራም ዓይነቶቹ ግን አይበርድላቸውም።

ፕሮፌሰሯ ደስ አላቸው። «ከገና በፊት ድገሚውና መድኃኒቱን መሞከር እንጀምራለን» አሏት። ካልደገመችው ጥናቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የሳስኪያን ባልደረባ ዩሪስን ደግሞ የአይጦቹን ክፍል ደንብ እንዲጽፍ አዘዙት። በተጠየቀ ቁጥር «እየጻፍኩት ነው» ይላል።

በመስከረም የብራም ትምህርት ቤት ተቀየረና አብረው የሚኖሩበት ቤት ታመሰ። የደረሰላት ዩሪስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ ይዞ ይመጣል፣ ለብራም መጫወቻ እንድትሆነው ግራጫ የድመት ግልገል ሰጠው፣ ሳስኪያ ስታለቅስ ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ትለዋለች።

በጥቅምት ሙከራው ድብልቅልቁ ወጣ። አይጦቹ፣ ጤነኞቹም ሳይቀሩ፣ ገና ቱቦ ሳይገቡ ሆርሞናቸው ጣሪያ ነክቷል።

«አንድ ሰው ቀድሞ እያስደነገጠብሽ ነው» አላት ዩሪስ። «ጠዋት ካንቺ በፊት ማን ነው የሚገባው?»

የሚገባው ጉስት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አይጦቹን ያበላና ሳጥኖቻቸውን ያጸዳ ሽማግሌ። ሳስኪያ ትወደው ነበር። ሥራ የጀመረች ቀን አይጥ አያያዝ ያሳያት እሱ ነው።

«ጋሽ ጉስት፣ እኔ ሳልመጣ አይጦቼን ምን እያደረጓቸው ነው?»

«ኧረ ምንም! እኔ ስገባ እየበሉ ነው የማገኛቸው። ልጄ፣ አንቺ ስትገቢ ነው ጥግ የሚይዙት።»

«እኔን? እኔን ነው የሚፈሩት?»

«ያየሁትን ነው የነገርኩሽ። አትቆጪኝ።»

እንደ አባት ያመነችው ሰው ከድቷት ሲያበቃ ጥፋቱን ወደ እሷ ማዞሩ አቃጠላት።

ዩሪስ ሳቀ። «ጉድ ነው! ደግሞ አንቺን? ተይው ባክሽ። እንዲያውም ጠረንሽን እንዲለምዱት በየቀኑ አንዱን ሹራብ ብቻ ልበሺ።»

«ያንተዎቹ አይጦችስ ለምን ሰላም ሆኑ?»

«የኔ መደርደሪያ ጓዳ ውስጥ ነው። ጉስት የምግብ ጋሪውን የሚያላትመው ካንቺው ጋር ነዋ።»

እንዳላት አደረገች። ሰማያዊዋን ሹራብ፣ ማታ ብራም ግልገሏን ታቅፎ የሚያንቀላፋበት ሶፋ ላይ ወርወር የምታደርጋትን፣ ጠዋት አንስታ ትለብሳለች። በኅዳር ውጤቱ ባሰበት።

ለፕሮፌሰሯ የክስ ደብዳቤ ጻፈች። ጉስት ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ከሥራ ተሰናበተ። የጎማ ጫማውን በከረጢት ይዞ ወጣ። «ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት አይጥ ፈርታኝ አታውቅም» አለ፤ ሳስኪያን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አንጀቷ አልራራለትም።

ጉስት ሄደ፤ አይጦቹ ግን አልተረጋጉም። ገና ደረሰ። ጥናቱ ለዩሪስ ተሰጠ።

«እናቴ ትሙት፣ እኔ አልጠየቅኩም!» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «አደራ፣ ለብራም ብለህ ከዳር አድርሰው።»

በጥር ዕቃዋን ልትሰበስብ ሄደች። ብርድ ስለነበር ያችኑ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። አዲሷ የአይጥ ተንከባካቢ የክፍሉ በር ላይ ወረቀት ትለጥፋለች።

«ምንድነው?» አለቻት ሳስኪያ።

«የክፍሉ ደንብ። የዩሪስን መሳቢያ ሳጸዳ አገኘሁትና፣ ይኼ ነገር እስካሁን ምን ያደርጋል እዚህ ብዬ።»

የእጅ ጽሑፉ የዩሪስ ነው። ከግርጌው ነሐሴ ሃያ ይላል። ሳስኪያ ከላይ ጀምራ አነበበችው።

«አንደኛ፦ ቤቱ ድመት ያለው ሰው እዚህ ክፍል ድርሽ እንዳይል።»