ያልተነገረው ምሥራች

ሐኪሙ ምሥራቹን የነገራት ወንድሟ ከማደንዘዣው ሳይነቃ ነበር። በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልቡ አስገብተው፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት አጥፍተውታል፤ ያውም በመጀመሪያው ሙከራ። የእሷ ልብ ግን ይኸው ሕክምና ሁለት ጊዜ ተደርጎለት አሁንም እንዳሻው ይዘላል። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የልብ ምቱን በሚያሳየው ስክሪን ላይ እኩል እኩል የሚሄደውን መስመር ስታይ ቅናት ያዛት። ‹አንድ እናት ወልዳን፣ አንድ በሽታ ይዞን፣ ለእሱ ሲሆን እንዴት እንዲህ ቀለለ?› አለች በሆዷ።

ወንድሟ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። እግሩን እንዳያንቀሳቅስ አስቀድመው ስላስጠነቀቁት አንገቱን ብቻ ወደ እሷ አዞረ።

«እትዬ፣ ተሳካ?»

«አልነገሩኝም» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

እጇን ፈልጎ ያዘ። «አይዞሽ፣ አትጨነቂ። ባይሳካም እንዳንቺ እኖራለኋ። አንቺ ችለሽው የለ?»

እጇን ልትነጥቀው ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«ተሳክቷል» አለችው ቀስ ብላ። «ቅድም ነው የነገሩኝ።»

ለምን እንደዋሸችው አልጠየቃትም። እጇንም አልለቀቀም።