ያልረጠበ እጅ

በክሊኒኩ የእጅ አምባሩ ባርኮድ ያልተነበበ ሕፃን ሐኪም አያየውም፤ ምትክ አምባር አይሰጠውም፤ አምባሩን መሸፈንም ክልክል ነው። ወይንሸት ስትወልድ የፕላስቲኩ አልቆ ስለነበር ለልጇ ለናሆም ከወረቀቶቹ አምባሮች አበባ ያለበትን መረጠችለት። ወረቀቱ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል። ስለዚህ አርባ ቀን ሙሉ ግራ እጁን ሽቅብ ይዛ አጠበችው፤ ያልታጠበው መዳፉ እርጎ እርጎ ይሸት ነበር።

በክርስትናው ዕለት ቄሱ ወደ ገንዳው ሲያወርዱት ግራ እጁን አልለቅም አለች።

«ልቀቂው እንጂ ልጄ! ከጥምቀት የሚቀር አካል አለ?»

«አምባሩ ከረጠበ ልጄን ማንም አያውቀውም፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቀዋል፤ ክሊኒኩ ነው የማያውቀው።»

ቄሱ ተቆጡ፤ ፈርታ ለቀቀችው። ውሃው ጀርባውን ሲነካው ናሆም አለቀሰ፤ ግራ እጁን ግን ማንም ሳይዘው ሽቅብ አነሳ።