መንትያ ወንድሜ ልጁን ዲኤንኤ ያስመረመረ ጊዜ

«እጅጌህን መልሰው...» አለችው ባለሙያዋ ጓንቷን እያጠለቀች። «የሚከፈተው አፍህ ነው።»

ወንድሜ ደም የሚቀዳ መስሎት ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።

በከንቱ ተራበ... ከምርመራው በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ ማስቲካ አለማኘክ፣ ሲጋራ አለማጨስ ይበቃ ነበር።

ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው ቀጭን እንጨት የጉንጩን ውስጥ ፈተግ ፈተግ አደረገችው። አያምም።

የአራት ዓመት ልጁ ተራዋ ሲደርስ የጥርስ ብሩሽ መስሏት ሳቀች።

እናቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

ባለሙያዋ ስትጨርስ፣ የሚጠረጠረው ሰው የቅርብ ዘመድ ከሆነ ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል ካሁኑ ንገረኝ አለችው።

ወንድሜ አፈረ። የለም አላት።

የሚጠረጠረው ግን እኔ ነበርኩ...

መንትያ ወንድሙ።

እኔና እሱ ከአንድ እንቁላል የተፈጠርን ነን። እናታችን ራሷ ሳትለየን አንዳችንን ሁለቴ አጥብታ ሌላችንን በረሃብ ያስለቀሰችበት ቀን ነበር።

ሁለቴ የጠባው እሱ... የሚቀናውም እሱ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱ ነጥብ አልመጣለትም። የቤት ዕቃ መሥሪያ ከፈተ፣ ቤት ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔ እስከ ዛሬ በኪራይ ቤት የምኖር፣ ሚስቴ ጥላኝ የሄደች የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ።

ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ፕሮፌሰሩ መጣ... እኛ መሃይሞቹ እንነሳለት» ይላል። አፉ ይስቃል፤ ዓይኑ አይስቅም።

ጥርጣሬው የጀመረው መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ነው።

ልጅቷ ከሩቅ አየችኝና «አባዬ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። መልካችን አንድ ነው፣ እሷ ምን ታድርግ?

እኔም አላረምኳትም...

አባቷ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የገዛሁላት ጫማ፣ ያሰርኩላት ሪባን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው መሄዴ... ሁሉም ማስረጃ ሆነብኝ።

ውጤቱ መጣ። 99.99 በመቶ። አባቷ እሱ ነው።

ያን ቀን ኬክ ይዞ ገባ። የሚስቱን ግንባር ሳመ፣ እኔን አቅፎ አለቀሰ። የማውቀውን ዋጥ አድርጌ አብሬ ኬክ በላሁ።

ሰላሙ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ወንድሜ ውጤቱን ሲያወራለት ፀጉር አስተካካያችን ለቀልድ ያህል «ለመንታህም እኮ ያው ነው የሚያወጣው» አለው። «እኔ ስንት ዓመት ፀጉራችሁን እየቆረጥኩ ያልለየኋችሁን ማሽኑ እንዴት ብሎ ይለያችኋል?»

ወንድሜ ግማሽ ጭንቅላቱን ብቻ ተስተካክሎ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ።

ነገ ሄደህ ትመረመራለህ አለኝ።

በተለመደው ምርመራ የአንድ እንቁላል መንትዮች እንደማይለዩ፣ ብመረመር እኔም አባት ነህ እንደምባል አስረዳሁት። ሰሌዳው ላይ ሁሉ ሳልኩለት።

«ፈርተሃል» አለኝ። «ትምህርትህን ለልጆቹ አስተምር፣ ፕሮፌሰር።»

ብመረመር ወረቀቱ ይፈርድብኛል። ባልመረመር ወንድሜ ይፈርድብኛል።

አንድ ማምለጫ ነበረኝ... እሱን ለወንድሜ ከመናገር ግን ሞቴን እመርጥ ነበር።

ቅዳሜ የወንድሜ ሚስት ደወለች። ወይ እሱ ይመርመር፣ ወይ ልጅሽን ይዘሽ ውጪልኝ ብሏታል።

«ወንድምዓለም፣ እኔስ እሺ ልውጣ...» አለችኝ። «ልጄ የማን እንደሆነች አይታወቅም እየተባለች ትደግ?»

ሄድኩ። ወንድሜ ሳሎን ተቀምጧል፤ የሚስቱ ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። ልጅቷ ላዩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

ጎረቤት ሄዳ እንድትጫወት ላክናት። ከዚያ ለሌላ ሰው ተንፍሼው የማላውቀውን አወጣሁት።

«አሥራ ስድስት ዓመታችን ላይ ሁለታችንም ጆሮ ደግፍ ይዞን ነበር... ታስታውሳለህ? አንተ በሳምንትህ ኳስ ሜዳ ወጣህ። የእኔ ወደ ታች ወረደ። እኔ አልወልድም። ተመርምሬ ያወቅኩት ነው። ሚስቴ የሄደችውም በዚህ ነው... አንተ ኩራቱ ነው ያባረራት ስትል የከረምከው።»

ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሳ።

«በዚህ ቤት የቀና ሰው ካለ እኔ ነኝ። አባዬ ስትለኝ ያላረምኳት... ሌላ የሚለኝ ስለሌለ ነው።»

ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ወንድሜ ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ... ከተወለድን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ቅናት አልነበረም።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አይዞህ» አለኝ።

ይቅርታ አላለም። ለእኔም... ለእሷም።

ሻንጣውን ራሱ አንስቶ ወደ መኝታ ቤት መለሰው። ለእሱ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ልጅቷን ያለ ስጋት ይልክልኛል። «አጎትሽ ጋ ሂጂ፣ ብቻውን ነው» ይላታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሮፌሰር ብሎኝም አያውቅ።

እናንተ ደግነት ትሉት ይሆናል...

እኔ ግን ከሚያዝንልኝ ቅናቱ ይሻለኝ ነበር።

ልጃችሁን ልታስመረምሩ የምታስቡ ሁሉ ይህን እወቁ። ጥጡ ቢበዛ የሚነግራችሁ አባትየው ማን እንደሆነ ነው። ለጥርጣሬያችሁ መድኃኒት አይሆንም፤ ይዛችሁት ከገባችሁ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። የቀናተኛ ሰው ልብ እስኪያርፍ ድረስ ገመናውን አውጥቶ የሚዋረደው ምንም ያላጠፋው ሰው ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ...

ንጹሕ መሆናችሁን ለማሳየት ገመናችሁን ግለጡ ብትባሉ ትገልጡት ነበር? ወይስ የጠረጠረ ይጠርጥር ብላችሁ ያ ቤት ሲፈርስ ዝም ትላላችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... አንድ በአንድ አነባለሁ።