ከመርከብ የተቆረጠው በር

ጀፕ በሚባለው የስደተኞች ገበያ የብረት በር ዘግቶ ለሚነግድ የሀገር ልጅ፣ ዘመድን ከዘራፊ የሚለይለት ማንኳኳቱ ነው። ራዚያም ወንድሟ ሙሰብ ከሞምባሳ በጀልባ ወደ እሷ ሲነሳ በስልክ አስጠንታው ነበር፤ «ሁለቴ ቀስ፣ አንዴ ጠንከር አድርገህ። ያለዚያ አልከፍትልህም።»

ጀልባዋ ሰጠመች። ከሞት የተረፈ አንድ ሰው እንደነገራት፣ ሙሰብ ዲስትሮየር ከሚባል የጦር መርከብ ጎን ተለጥፎ፣ እጁ እስኪደማ ብረቱን ሲደበድብ ነበር። ከላይ የሰማው የለም።

ዓመታት አለፉ። ዘራፊዎች በሯን ሲሰብሩባት፣ በያጁ ሻፊ አዲስ ገጠመላት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ የዲስትሮየር ብረት ነው። ስንት ዘመን የባሕር ወንበዴ ሲያባርር ጥይት አልበሳውም። ሲያረጅ ነው ደርባን ላይ ቆራርጠው የሸጡት።»

ራዚያ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሁለቴ ቀስ፣ አንዴ ጠንከር።

ሮጣ ከፈተች። መንገዱ ላይ ታክሲዎች ይጮኻሉ፤ ደጃፏ ላይ ግን ሰው የለም።

በሩን እስከ ግድግዳው ወለል አድርጋ ከፍታ ያዘችው። ማንኳኳቱ ከብረቱ ውስጥ ቀጠለ። ብረቱ መዳፏን ነዘራት።

«ከፍቼልሃለሁ እኮ፣ ሙሰብ!» ብላ ጮኸች። «ክፍት ነው! ግባ!»

ይሄኔ በሁለት እጁ መደብደብ ጀመረ።