አብረው የሚወገዱ

ጠዋት ጠዋት ስክሪኔ ላይ ድንገት ድቅን የሚለው የቀን መቁጠሪያ አንጀቴን ስላሳረረው ከኮምፒውተሬ ላጠፋው ተነሳሁ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሲስተም ነፃ ነው፤ የጫነልኝ ቴክኒሻን «ያሻህን ጫን፣ ያሻህን አጥፋ፣ አዛዡ አንተ ነህ» ብሎኛል።

«አስወግድ» የሚለውን ስጫን ዝርዝር መጣ። «ከዚህ ጋር አብረው የሚወገዱ፦ ድምፅ ማጫወቻ፣ ማተሚያ፣ የኮሪደር መብራት፣ እትዬ።»

እትዬ የምለው ታላቅ እህቴን ነው። ከጎኔ ባለው ክፍል መጋረጃ እየሰፋች ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ይሰማኛል።

ለቴክኒሻኑ ደወልኩለት። ሳቀብኝ።

«ምን ነካህ ሰውዬ? ኮምፒውተር እህት ያጠፋል እንዴ? እሺ በለው፤ የጎደለውን መልሰን እንጭነዋለን።»

አፈርኩና «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ።

ከፍቼው የነበረው ዘፈን ቀጥ አለ። የማተሚያው አረንጓዴ መብራት ጠፋ። በበሩ ስር ይታየኝ የነበረው የኮሪደር ብርሃንም ድርግም አለ። በድንጋጤ «አቁም» የሚለውን ደጋግሜ ተጫንኩ።

«ለማቆም የሚያስፈልገው ፕሮግራም ቀድሞ ተወግዷል» አለኝ።

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወይ! ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የም—»

የስፌት መኪናው ብቻውን ጥቂት ሰፋና ቆመ።