ጁስ የሚመስለው ቅባት

ሔዋን ክዳኑን በጥርሷ ስትፈታው ማንም አላያትም። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን አዲስ ማሸጊያ ልታስሞክር የመጣችው ሶልያና ስልኳ ላይ አቀርቅራ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መልስ ትጠብቃለች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወንጌላዊት ደግሞ ቅባቱ እንዴት እንደሚቀባ ለልጅቷ እናት ታስረዳለች። ሁለቱም ዞር ያሉት እናትየዋ ስትጮህ ነው።

"ወይኔ ልጄን! ጠጣችው!"

ሔዋን የአምስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ የብርጓል ጠይም ብትሆንም እሷ ከነጸጉሯ፣ ከነሽፋሽፍቷ ነጭ ሆና ነው የተወለደችው። ዛሬ ከሚኖሩበት ከሮብ ገበያ ገና ሳይነጋ የተነሱት ፀሐይዋ ሳትበረታ ደብረ ማርቆስ ለመግባት ብለው ነበር። አሁን ልጅቷ የቅባቱን የናሙና ቱቦ ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ በሁለት እጇ ትጨምቀዋለች፤ ከከንፈሯ የተረፈው ነጭ ቅባት አገጯ ላይ ይወርዳል።

ሶልያና ተንደርድራ ነጠቀቻት። ሔዋን አላለቀሰችም። ፊቷን አጨማደደችና፣ "ይመራል" አለች። ቀጥላም እንደተታለለ ሰው ቀና ብላ አየቻት። "ጁስ አይደለም እንዴ?"

ማሸጊያውን ጁስ አስመስላ የሣለችው ራሷ ሶልያና ናት። ስድስት ወር ሙሉ የለፋችበት፣ አናቱ ላይ ስትሮ የተሰካበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቅ ማንጎ ነው። ክዳኑን እንደ ስትሮ ቀጭን ያስደረገችው፣ ቅባቱ ማንጎ ማንጎ ይሽተት ብላ አምራቾቹን የለመነችውም እሷ ናት። ወንጌላዊት ገና ከጅምሩ፣ "ልጅ እኮ የሚበላ ይመስለዋል" ብላት ነበር። ሶልያና ግን ሳቀችባት፤ "አንቺ ሁሉንም ነገር የመድኃኒት ካርቶን ማስመሰል ነው የምትፈልጊው" አለቻት። ዛሬም ሔዋን ማንም ሳይጋብዛት ለማንጎው እጇን ስትዘረጋ፣ በደስታ ፎቶ አንስታ ወደ አዲስ አበባ የላከችው እሷው ናት።

ወንጌላዊት የልጅቷን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች። ውኃ አጉመጠመጠቻት። "ትፊ። ደግሞ። ጎበዝ፣ አሁንም ትፊ።" ከዚያ የተጨመቀውን ቅባት አንስታ ምን ያህል እንደጎደለ አየች፤ ሆስፒታል ለሚሠራ ሐኪም ወዳጇም ደወለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እየሰማች፣ "እሺ... እሺ..." ትላለች። የብርጓል ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የወንጌላዊትን ፊት ብቻ ታያለች።

"ብዙም አልዋጠችም" አለች ወንጌላዊት ስልኩን ዘግታ። "የሚያስመልሳት ወይም ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ግን ወዲያው አምጧት ብሎናል። እስከዚያው እዚሁ እንያት።"

ማየት ጀመሩ። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ሔዋን አንዴ ስትስል ሦስቱም ብድግ አሉ።

የሶልያና ስልክ ጮኸ። የአምራች ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ መሳፍንት ናቸው።

"ፎቶውን አየሁት! ልጅቷ እንዴት ነው የምታየው! ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀኝ ነው፤ ጀምሩ ልበላቸው?"

"አይበሉ። ያስቁሟቸው።"

"ምን?"

"ልጅቷ ጠጣችው።"

"ደህና ናት?"

"ገና አላወቅንም።"

"እግዚአብሔር ያውጣት። እንግዲያውስ... 'አይጠጣም' የሚል ጽሑፍ በቀይ እናስገባበታ።"

"ሔዋን ማንበብ አትችልም፣ አቶ መሳፍንት።"

"ሶልያና፣ በጋው ደርሷል። አሁን ካቆምን እንደገና እስኪሣል፣ እስኪታተም... ሥራውን ለሌላ ሰው ልሰጠው እችላለሁ፤ ይገባሻል አይደል?"

የብርጓል ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

"ይስጡት። ማንጎው ግን አይታተም።"

አቶ መሳፍንት በረጅሙ ተነፈሱ። "በይ፣ አስቆማለሁ። ስለ ሌላው ነገ እንነጋገራለን" ብለው ዘጉት። ሶልያና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሔዋን ከእናቷ ጭን ላይ ተንሸራታ ወረደች። "እማ፣ ራበኝ።"

ወንጌላዊት ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ዳቦ አስመጣችላት፤ ልጅቷም አላምጣ ዋጠች፤ አላስመለሳትም። ዳቦውን ጨርሳ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ስትጀምር ነው የብርጓል ነጠላዋን ያስተካከለችው።

"ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ" አለች ሶልያና። "እኔ ልጆች እንዲወዱት ብዬ..."

የብርጓል ይቅርታውን አልተቀበለችም፤ አልገፋችውምም። ፊቷን ወደ ወንጌላዊት አዞረች። "ቅባቱስ? ቅባቱ ራሱ ይሠራል?"

"ይሠራል። በደንብ።"

"እንግዲያው ቀቡልኝ። የምንመለሰው በፀሐይ ነው።"

ወንጌላዊት ቅባቱን አንስታ ለሶልያና ሰጠቻት። ሶልያና መዳፏ ላይ ጨመቀችና ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። ስድስት ወር ሙሉ ስትሥል፣ ስትሰርዝ፣ ቀለም ስትመርጥ አንድም ልጅ ቀብታ አታውቅም። የሔዋን ጉንጭ ፀሐይ ደጋግማ የመታችው ነው፤ ከጣቷ ሥር ሻከራት፤ የተላጠው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇን አቀለለች።

"ያማል?"

ሔዋን አያምም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ቀና አደረገችላት። ከንፈሯን ግን አጥብቃ ገጥማ ነበር።