«ሀገር ቤት» ከተባለ

ምግብ ቤቱ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ነው። ወጥ ሠሪዋ ዛሬ ለተቀጠረችው ረዳቷ፣ ለትርንጎ፣ ሥራ እያሳየቻት ነበር።

«አስተናጋጁ ‹ሀገር ቤት› ብሎ ካዘዘ ከዚህኛው ድስት ነው የምትጨልፊው።»

ትርንጎ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ፊቷን አዞረች። «ይሄ እኮ ሸቷል።»

«ከትናንት ወዲያ የተሠራ ነዋ። ከገጠር የመጣ ሰው ቢሸተውም አይናገርም፤ ደግሞም ተመልሶ አይመጣም።»

አስተናጋጁ መኩሪያ በመስኮቱ ብቅ አለ። «አንድ ቅቅል፣ ሀገር ቤት።»

ወጥ ሠሪዋ ራሷ ጨለፈች። ሽታው እንዳያስታውቅ ቃሪያ ከትፋ ነሰነሰችበት።

ብዙም ሳይቆይ መኩሪያ ሥጋውን በሳህን ይዞ ተመለሰ።

«ምነው፣ ተናገረ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ መርቀውኛል። ‹ልጄ እዚህ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሳልነግራት ነው የመጣሁት። ለኔ መረቁ ይበቃኛል፣ ሥጋውን ለሷ ስጥልኝ› አሉኝ።»

«እኔ እንኳን አባት የለኝም» አለች ትርንጎ።

ወጥ ሠሪዋ በመስኮቱ አጮልቃ አየች። አባቷ ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጃቸው አንስተው የመጨረሻውን መረቅ እየጨለጡ ነበር።